ካራቫኑን ለሦስት ሳምንት መንገድ ማሰናዳት፦ ከአውሮራ እስከ ግራንድ ካንየን

ተጎታቹ 22 ጫማ ርዝመት ያለው ባለ ሁለት አክስል ካራቫን ነው። ባዶውን 4,400 ፓውንድ ይመዝናል፤ ተጭኖ ከ6,000 ፓውንድ ማለፍ አይፈቀድለትም። የሚጎትተው ባለ አራት በር፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳ ፒክአፕ ነው። መንገዱ ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ ይነሳና በአይ-70 አውራ ጎዳና ሮኪ ተራሮችን አቋርጦ ወደ ሞዓብ፣ ዩታ ይወርዳል። ከዚያ ወደ ግራንድ ካንየን ደቡብ ጠርዝ፣ ከዚያም በፍላግስታፍና በአልበከርኪ ዞሮ በራቶን ማለፊያ ወደ ቤት። መነሻው መስከረም 3 ነው፣ እንቁጣጣሽ ቤት ከተዋለ በኋላ።

የሥራው ደንብ ከመጀመሪያው ተይዟል። እያንዳንዱ የልምምድ ጉዞ የሚፈትነው አንድ አዲስ ነገር ብቻ ነው፤ መጀመሪያ የመብራትና የውሃ መስመር ማያያዝ፣ ቀጥሎ ከፍታ፣ ቀጥሎ ቁልቁለት፣ በመጨረሻ ያለ መብራትና ያለ ቧንቧ ማደር። ሁሉን ባንዴ የሞከረ ሰው የተበላሸው ነገር መንስኤ ይጠፋበታል። አንድ ጉዞ አዲስ ጉድለት ሳያሳይ እስኪመለስ ድረስም ረጅሙ መንገድ አይጀመርም።

ግንቦት 2፤ ጎማ

ጎማዎቹ ሲታዩ ጥርሳቸው አዲስ ይመስላል። የጎኑ ጽሑፍ ግን ሌላ ይናገራል። ዶት ከሚለው ተከትሎ የሚመጡት የመጨረሻ አራት ቁጥሮች የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ናቸው፤ እዚህ 2318 ይላል፣ የ2018 23ኛ ሳምንት ማለት ነው። የካራቫን ጎማ የሚሞተው በመሮጥ ሳይሆን በመቆም ነው። ፀሐይና ክብደት ውስጡን ያደርቁትና መንገድ ላይ ሽፋኑ ተላጦ ይሄዳል፤ ሲላጥም የካራቫኑን ወለልና የቧንቧ መስመር ይዞ ይቀዳል። ከአምስት እስከ ስድስት ዓመት ያለፈው ይቀየራል፣ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም። አራቱም ከነመለዋወጫው ተቀየሩ።

የተገጠሙት ኤስቲ205/75አር14፣ ሎድ ሬንጅ (የመሸከም ደረጃ) ዲ ናቸው። የቀድሞዎቹ ሲ ነበሩ፤ በ50 ፒኤስአይ የነፋስ ግፊት አንዱ 1,760 ፓውንድ ይሸከማል። ዲ በ65 ፒኤስአይ 2,040 ይሸከማል። ቸርኬው 65 ፒኤስአይ እንደሚችል ጀርባው ላይ ተጽፎ ካልተገኘ ግን ዲ መግጠም ጥቅም የለውም። ነፋሱ የሚለካው ጠዋት፣ ካራቫኑ ሳይንቀሳቀስና ፀሐይ ሳይመታው ነው። በሰዓት ከ65 ማይል በላይ መንዳት በጎማው ጎን ካልተፈቀደ በስተቀር የተከለከለ ነው።

ግንቦት 9 እና 10፤ ኩሽኔታና ፍሬን

ከዝግጅቱ ሁሉ እጅ የሚያቆሽሸው ይህ ነው፤ ሊዘለል የማይገባውም ይኸው ነው። ኩሽኔታ በዓመት አንዴ ወይም በ12,000 ማይል፣ የቀደመው ሲደርስ፣ ወጥቶ ይታጠባል።

ባለ 3,500 ፓውንድ አክስል ላይ የውስጠኛው ኩሽኔታ ኤል68149፣ የውጭው ኤል44649 ነው። ቁጥሩ በራሱ ላይ ተቀርጿል፤ ከመግዛት በፊት ማንበብ ይበጃል። ታምቡሩ ወጥቶ አሮጌው ግራሶ በጨርቅ፣ ቀጥሎ በማጠቢያ ይጸዳል። የታጠበ ኩሽኔታ በአየር ግፊት እንዲሽከረከር አይደረግም፤ ያለ ግራሶ ሲሽከረከር ይቧጨራል። ከዚያ እያንዳንዷ ሮለር በጥፍር እየተዳሰሰች ትታያለች። ሰማያዊ የሆነች ሞቃለች፤ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለባት ከነቀለበቷ ትወጣለች። ከስምንቱ አንዱ፣ የግራ ኋላ ውስጠኛ፣ ጉድጓድ ነበረው።

ግራሶው በመዳፍ ላይ ይደረግና የኩሽኔታው ሰፊ ጎን እየተመታበት ይገባል፤ በሌላው ጎን በሮለሮቹ መካከል ትል መስሎ እስኪወጣ ድረስ። ዳዶው ታምቡሩ እየዞረ በ50 ፉት-ፓውንድ ይጠብቃል፣ ይላላል፣ ከዚያ በጣት ብቻ ይመለሳል። የመቆለፊያው ሚስማር ቀዳዳ ካልገጠመ ወደ መላላት እንጂ ወደ መጥበቅ አይኬድም። የጠበቀ ኩሽኔታ 100 ማይል ሳይሄድ ይቃጠላል።

አክስሉ ጫፍ ላይ የግራሶ መጨመሪያ አለው። ብዙ ሰው በፓምፕ እየሞላ ኩሽኔታውን ያደሰ ይመስለዋል። ከመጠን ሲያልፍ የኋላውን ጎሚኒ ገፍቶ ይወጣና የፍሬን ሸራውን ይቀባል። በግራ ፊት ጎማ የተገኘውም ይኸው ነው፤ ሸራውም የኤሌክትሪክ ፍሬኑ ማግኔትም በግራሶ ተለውሰዋል። በግራሶ የራሰ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይድንም፤ በጥንድ ተቀየረ።

የጎማ ዳዶዎች በኮከብ ቅርጽ እየተሻገሩ በሦስት ደረጃ ይጠብቃሉ፤ በመጀመሪያ እስከ 25፣ ቀጥሎ እስከ 60፣ በመጨረሻ ከ90 እስከ 120 ፉት-ፓውንድ። ጎማ ከተገጠመ በኋላ በ10፣ በ25 እና በ50 ማይል ቆሞ እንደገና በቶርክ ቁልፍ ይለካል። በ25 ማይል ላይ ሁለት ዳዶዎች ሩብ ዙር ገቡ። ደንቡ የተጻፈው ለዚህ ነው።

ግንቦት 16፤ ጣራ

ጣራው ጎማ ነው፤ ስፌቱ፣ የአየር ማስወጫዎቹና የመስኮቱ ዙሪያ በፈሳሽ ማሸጊያ ተዘግቷል። የኮሎራዶ ፀሐይና በረዶ ማሸጊያውን ሰነጣጥቀውታል። የተነሳው ብቻ በፕላስቲክ መፋቂያ ወጣ፣ ቦታው በአልኮል ተጠረገ፣ በላዩ ራሱን የሚያስተካክል ማሸጊያ ፈሰሰ። ሲሊኮን ጣራ ላይ አይደረግም፤ በኋላ ምንም ነገር አይይዝበትም። ከውስጥ ማዕዘኖቹ በእርጥበት መለኪያ ተለኩ፦ ሦስቱ 12 ከመቶ፣ ከመኝታው በላይ ያለው 19። 19 ገና አልበሰበሰም፤ ግን በየሁለት ሳምንቱ ይለካል።

ግንቦት 23፤ ውሃ

በክረምት ቧንቧው በረዶ እንዳይሠራ የገባው ሮዝ ፈሳሽ ተጠርጎ ወጣ። ታንከሩ 40 ጋሎን ስለሚይዝ ለየ15 ጋሎኑ ሩብ ስኒ በረኪና ሂሳብ ሁለት ሦስተኛ ስኒ ገባ፤ እያንዳንዱ ቧንቧ የበረኪና ሽታ እስኪሰጥ ተከፍቶ፣ አራት ሰዓት ቆይቶ፣ ሁለት ጊዜ ታጠበ።

እዚህ ላይ በየዓመቱ ገንዘብ የሚበላ ስህተት አለ። ለክረምት ሲባል ውሃ ማሞቂያው እንዲታለፍ የተደረገበት ቫልቭ ሳይመለስ የኤሌክትሪኩ ማብሪያ ከተነካ፣ ባዶ ማሞቂያ ውስጥ ያለው ብረት በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል። ቫልቩ ይመለስ፣ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ይከፈት፣ ሳያስል ቀጥ ብሎ ሲወርድ ያኔ ይበራ። ማብሪያው ላይ ቀይ ፕላስተር ተለጥፎበታል።

ግንቦት 30፤ ደጃፍ ላይ ማደር፣ ከነምጣዱ

የመጀመሪያው ልምምድ ከቤት ሳይወጡ ነው። ሁሉም ነገር አንድ ሌሊት ይሠራል፤ የጎደለው ከቤት ይመጣል፣ ይመዘገባልም። የዚያን ዕለት የጎደሉት የጣሳ መክፈቻ፣ የበር ምንጣፍ፣ ተጨማሪ ፊውዝና የረከቦት ጨርቅ ናቸው።

የሐበሻ ካራቫን ከሌላው የሚለይበት ፈተና ምጣድ ነው። ካራቫኑ 30 አምፔር የሚቀበል ነው፤ በ120 ቮልት 3,600 ዋት። 1,500 ዋት ምጣድ ለብቻው 12.5 አምፔር ይወስዳል፣ የጣራው አየር ማቀዝቀዣ ወደ 13፣ ውሃ ማሞቂያው በኤሌክትሪክ 12፣ የባትሪው ቻርጀር 4 ወይም 5። ምጣድና ማቀዝቀዣ ከቻርጀሩ ጋር ሲደመሩ ጫፍ ላይ ናቸው፤ ማሞቂያው ሲገባ ብሬከሩ ይወድቃል። ስለዚህ እንጀራ ሲጋገር ማሞቂያው በጋዝ፣ ማቀዝቀዣው ጠፍቶ።

ከዚህ የሚብሰው ሶኬቱ ነው። የካራቫን ሶኬት ሽቦውን በጥርስ ነክሶ የሚይዝ ርካሽ ዓይነት ነው፤ ምጣድ እንደሚጠይቀው አንድ ሰዓት ሙሉ 12.5 አምፔር ሲያልፍበት ይግላል። ከስምንተኛው እንጀራ በኋላ መሰኪያው በእጅ የማይያዝ ሆኖ ተገኘ፤ ፕላስቲኩም ቢጫ መሆን ጀምሯል። የዚያ መስመር ሶኬት ወጥቶ ሽቦው በብሎን የሚታሰርበት ጠንካራ ሶኬት ተገጠመ። ብሬከሩ ግን 15 እንደሆነ ይቀራል፤ ሽቦው ቀጭን ስለሆነ ብሬከር ማሳደግ እሳት መጥራት ነው። ውስጥ መጋገርም ቀርቷል፤ የአክንባሎው እንፋሎት ዝቅ ባለው ጣራ ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ምጣዱ ውጭ፣ በጥላው ሥር፣ በ12 ጌጅ ማራዘሚያ።

ለሦስቱ ሳምንት የሚበጀው የመጀመሪያውን አምስት ቀን እንጀራ ቤት ጋግሮ መጫን፣ ለቀረው ሊጡን ባልዲ እኩሌታ ብቻ ሞልቶ መያዝ ነው። መንገድ ላይ ሊጥ ይናጣል፣ ይነሳል፣ ክዳኑንም ይከፍታል።

ከሰል ግን በምንም መንገድ ውስጥ አይገባም። ቡና ሲፈላ ዕጣን የሚጨስበት ትንሽ ፍም እንኳ በዚህ ጠባብ ቤት ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያከማቻል፤ ሽታ ስለሌለው የተቀመጡት ሰዎች እንቅልፍ የመጣባቸው ይመስላቸዋል። የጭስና የጋዝ ጠቋሚዎቹ ጀርባ ላይ የማብቂያ ቀን አለ፤ የፕሮፔኑ ጠቋሚ ጊዜው አልፎበት ተቀየረ። ውጭም ቢሆን የእሳት ክልከላ በታወጀበት ካውንቲ ከሰል አይፈቀድም። ጀበናው በጋዝ ምድጃ ይፈላል፤ ዕጣኑ ይቀራል።

ከሰኔ 13 እስከ 15፤ ቼሪ ክሪክ

ቼሪ ክሪክ ስቴት ፓርክ እዚሁ አውሮራ ነው፤ መብራት፣ ውሃና ፍሳሽ ያለው ቦታ ይገኛል። የተፈተነው መስመር ማያያዝና ጋንቾው፣ ማለትም ካራቫኑ ከፒክአፑ ጋር የሚያያዝበት፣ ነው። ሲያያዝ ኳሱና መያዣው ቁጥራቸው አንድ መሆኑ ይነበባል፤ 2 5/16 ኢንች መያዣ በ2 ኢንች ኳስ ላይ የተቀመጠ ይመስላል፣ የመጀመሪያው ጉብታ ላይ ይነሳል። ከተቆለፈ በኋላ በራሱ ክሪክ ወደ ላይ ሲገፋ የፒክአፑ ኋላ አብሮ መነሳት አለበት። ካልተነሳ መያዣው ከኳሱ አናት ላይ ነው ያለው።

ሲደርሱ ያለው ቅደም ተከተል፦ ጎን ለጎን ማስተካከል፣ ጎማ ማገድ፣ መፍታት፣ ፊትና ኋላ ማስተካከል፣ የማዕዘን ድጋፎችን ማውረድ። ድጋፎቹ ለማረጋጋት ናቸው፤ ካራቫን የሚነሳባቸው ከሆነ ይጣመማሉ፣ በሩም አይዘጋም። መብራት ሲሰካ መጀመሪያ መለኪያው፣ ቀጥሎ ካራቫኑ። ውሃው በግፊት መቀነሻ በኩል፣ ከ40 እስከ 50 ፒኤስአይ። የመጸዳጃው ቫልቭ እስኪሞላ ተዘግቶ ይቆያል፤ ሲደፋም መጀመሪያ እሱ፣ ቀጥሎ የሳሙናው ውሃ።

የተገኘው ጉድለት ግን መንገድ ላይ ነበር። በሰዓት 55 ማይል ላይ ትራክ ሲያልፍ ካራቫኑ ሦስት አራት ጊዜ ተወዛወዘ። እግር ከነዳጁ ተነስቶ በእጅ የካራቫኑ ፍሬን ብቻ ሲነካ መወዛወዙ ቆመ። ለሚዛን ተመዘገበ።

ሰኔ 21፤ ሚዛን

የትራክ ሾፌሮች የሚጠቀሙበት ካት ስኬል ለካራቫንም ያገለግላል፤ ሰው ሁሉ ተሳፍሮ ነው የሚለካው። ፒክአፑ ብቻውን 5,980 ፓውንድ። ካራቫኑ ተያይዞ፣ የክብደት ማከፋፈያው ብረት ተፈትቶ፣ ፒክአፑ 6,420 እና የካራቫኑ አክስሎች 4,960። በፒክአፑ ላይ የተጨመረው 440 ጋንቾው ላይ የወረደው ክብደት ነው፤ ከካራቫኑ ጠቅላላ 5,400 ውስጥ 8 ከመቶ። የሚፈለገው ከ10 እስከ 15 ነው። ከ10 በታች የሆነ ካራቫን ጅራቱ ይመራዋል።

መንስኤው አልተደበቀም። ሙሉው ታንከር፣ 334 ፓውንድ፣ ከአክስሉ ኋላ ነው። 110 ፓውንድ ብስክሌትም በኋላ ፓራውርቱ ላይ ታስሯል፤ ያ ብረት ደግሞ ለዚያ አልተሠራም፣ ብየዳው ሥር ስንጥቅ ጀምሯል። ብስክሌቶቹ ወደ ፒክአፑ ጭነት ተዛወሩ፣ መሣሪያው ወደ ፊት መጋዘን፣ ታንከሩ በመንገድ ላይ 10 ጋሎን ብቻ። እንደገና ሲመዘን ካራቫኑ 5,040፣ ጋንቾው ላይ 640፤ 12.7 ከመቶ። ማወዛወዙ ቀረ።

ጋንቾው ሲከብድ የፒክአፑ ፊት ይቀላል። ብቻውን 3,240 የነበረው የፊት አክስል 2,960 ሆነ፤ የማከፋፈያው ብረት ሲታሰር ወደ 3,160 ተመለሰ። ከጠፋው 280 ውስጥ 200 መመለሱ መሪውን ወደ ልኩ አምጥቶታል።

አንድ ሂሳብ ይቀራል፣ ብዙዎች የሚረሱት። በሾፌሩ በር ላይ ያለው ቢጫ ወረቀት ሰውና ዕቃ ከ1,560 ፓውንድ እንዳይበልጥ ይላል። ጋንቾው 640፣ መጎተቻው ብረት 90፣ አራት ሰው 560፣ ብስክሌት 110፤ ድምሩ 1,400። ለቀረው ሁሉ ያለው 160 ፓውንድ ነው። «ይህ መኪና 9,000 ይጎትታል» የሚለው ማስታወቂያ ይህን አይናገርም።

ከሐምሌ 4 እስከ 6፤ ጎልደን ጌት ካንየን

ከ9,000 ጫማ በላይ፣ መብራት ብቻ ያለው ቦታ። የተፈተነው ከፍታ ነው። በጎልደን ጌት ካንየን መንገድ ዳገቱና ኩርባው ስለሚከብድ በመንገድ ቁጥር 72 ዞሮ በ119 ተገባ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማው ወደ 3 ከመቶ ኃይሉን ያጣል፤ እዚህ ሩቡ ያህል የለም ማለት ነው። ኮሎራዶ ውስጥ መደበኛ ተብሎ የሚሸጠው 85 ኦክቴን ነው፤ የመኪናው መመሪያ 87 ካለ ለመጎተት 85 አይቀዳም።

የምግብ ማቀዝቀዣው በጋዝ ላይ ሳለ ሌሊት ነበልባሉ ሁለት ጊዜ ጠፋ። አልተበላሸም፤ ይህ ዓይነት ማቀዝቀዣ ከ5,500 ጫማ በላይ በጋዝ እንደሚያስቸግር መመሪያው ላይ አለ። በኤሌክትሪክ ሲደረግ በረደ። ውሳኔው፦ ከመነሳት 12 ሰዓት በፊት ቤት ተሰክቶ ይበርዳል፣ ተራራው ላይ ጠፍቶ በሩ አይከፈትም፣ አራት የበረዶ ጠርሙስ ይገባል። ሞዓብ 4,000 ጫማ ላይ ስለሆነ እዚያ ጋዙ ይበራል።

ሽሮው ግን ምንም አልተቸገረም። ውሃ እዚያ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ከሚፈላበት በአንድ ዲግሪ ያህል ቢያንስ ነው።

ከሐምሌ 25 እስከ 27፤ ዋሻውና ዲሎን

አይዘንሃወር ዋሻ 11,158 ጫማ ላይ ነው፤ በምዕራብ በኩል ወደ ሲልቨርቶርን የሚወርደው ቁልቁለት እስከ 7 ከመቶ ይደርሳል። ማርሽ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። ፍጥነቱ ለቁልቁለቱ ከተወሰነው ላይ ሲደርስ ፍሬኑ ጠንከር ብሎ ይረገጣል፣ ከዚያ 5 ማይል ሲወርድ ይለቀቃል። እግር ፍሬን ላይ ተንተርሶ መውረድ ሸራውን ያቃጥላል።

ዲሎን ሐይቅ ዳር፣ ሂተን ቤይ እንደተደረሰ አራቱ ታምቡሮች በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ተለኩ። ሦስቱ 148፣ 151፣ 155 ፋራናይት። የቀኝ ኋላው 84።

የጋለ ታምቡር ሁሉን ያስደነግጣል፤ የቀዘቀዘውን ግን ማንም አያስተውልም። 84 ማለት ያ ጎማ በሙሉው ቁልቁለት ምንም አልያዘም ማለት ነው። ሽቦው ከታምቡሩ ጀርባ ተፈትቶ ማግኔቱ በቴስተር ሲለካ 3.2 ኦም ሰጠ፤ ማግኔቱ ደህና ነው። ከሌላው ጎን ወደ እሱ የሚመጣው ሽቦ ሲለካ ግን መስመሩ ተቆርጧል። በብዙ ካራቫኖች ይህ ሽቦ በአክስሉ ቱቦ ውስጥ ሳይታሰር ይሄዳል፤ በእያንዳንዱ ጉብታ ብረቱን እየፈተገ ልባሱ ይላጣል፣ በመጨረሻ ይበጠሳል። ተጎትቶ ሲወጣ ሁለት ጣት ያህል ላይ መዳቡ ተራቁቶ አረንጓዴ ሆኖ ነበር። በባለ 12 ጌጅ ሽቦ፣ በተሸነተረ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ፣ ከአክስሉ ውጭ ታስሮ ተተካ። የፊተኛው አክስልም ሳይበጠስ በዚያው ተለወጠ። ከዚያ በፊት የፍሬን መቆጣጠሪያው ሙሉ ሲረገጥ 10.5 አምፔር ያሳይ ነበር፤ አሁን 14።

በመመለሻው ቁልቁለት፣ ወደ ጆርጅታውን ሲወርድ፣ አራቱም ከ140 እስከ 152።

ከነሐሴ 16 እስከ 19፤ ፖኒ ሣር ሜዳ

ሞዓብ አጠገብ በአርችስ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው የማደሪያ ቦታ፣ ዴቭልስ ጋርደን፣ መብራትም የውሃ መስመርም የለውም። ስለዚህ የመጨረሻው ልምምድ ባዶ ሜዳ ላይ ሦስት ሌሊት ነው። ባትሪው 100 አምፔር-ሰዓት ሊቲየም ነው፤ ቻርጀሩ አስቀድሞ 14.4 ቮልት በሚሰጥ ተቀይሯል፣ አሮጌው በ13.6 ላይ ቆሞ ሙሉ አያደርገውም ነበር። የአንድ ቀን ፍጆታ በአምፔር-ሰዓት፦ የቤት ማሞቂያው ነፋስ 18፣ የምግብ ማቀዝቀዣው ሰሌዳ 12፣ የጣራው ማራገቢያ 12፣ መብራት፣ ፓምፕና ስልክ 10፣ ጠቋሚዎቹ 2፤ ድምር 54። ባለ 200 ዋት የፀሐይ ሰሌዳ በጠራ ቀን ከ50 እስከ 60 መለሰ። ደመና በዋለበት ቀን 22 ብቻ፤ ቢሆንም አልጎደለም።

ውሃ በሦስት ቀን 31 ጋሎን ወጣ፣ ለአራት ሰው። ታንከሩ የሚሞላው መዳረሻው አጠገብ ነው። ጥላው ነፋስ ሲነሳ ተጠቀለለ፤ ሰው በሌለበት ተዘርግቶ የሚተው ጥላ በአንድ ነፋስ ክንዱ ይሰበራል። ከመኝታው በላይ ያለው እርጥበት 13።

አዲስ ጉድለት የለም።

መስከረም 1 ማታ፤ የቀረ

አይ-70 ላይ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ፣ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31፣ የፒክአፑ ጎማ ጥርስ ቢያንስ 3/16 ኢንች መሆን አለበት፤ ተለካ፣ 5/16። ሁለቱ የጋዝ ሲሊንደሮች ተሞሉ፣ ማያያዣዎቹ በሳሙና ውሃ ተፈተሹ፣ አረፋ የለም። የምግብ ማቀዝቀዣው ነገ ማታ ይሰካል። ካራቫኑ ቢፈታ ፍሬኑን የሚያስይዘው የመጠባበቂያ ገመድ ከሰንሰለቶቹ ተለይቶ ታስሯል፤ ሚስማሩ ሲነቀል አራቱም ጎማ ያዙ። ትናንት የመለዋወጫው ጎማ ለሙከራ ተገጥሞ ስለተመለሰ ቅዳሜ ጠዋት የመጀመሪያው ማቆሚያ 10 ማይል ላይ ነው፤ ቶርክ ቁልፉ ከሾፌሩ ወንበር ኋላ ተቀምጧል።